ግቢ፣ ላልቶ ሲነበብ

አባቴ የከተማችንን ግማሽ በር ሠርቶ ገጥሟል፤ ከበሮቹ ጀርባ ያሉትን ቤቶች ግን አንዱንም አላየም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የብረት በር ሠሪ ነው። በሩን ወርክሾፑ ውስጥ ይበይዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ጭኖ ሰው ቤት ሄዶ ይገጥማል። ሲገጥም ደግሞ ማንም የማያስለውጠው ሕግ አለው፦ ፊት ወደ በሩ፣ ጀርባ ወደ ቤቱ። ማጠፊያ ለማሰር ወደ ውስጥ መግባት ግድ ቢሆንበት እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ በጎን በጎን ነው የሚገባው። ባለቤቶቹ "አረፍ ይበሉ፣ ውሃ ይጠጡ" ሲሉት ውሃውን ደጅ ቆሞ ይጠጣል።

"ሰው በር የሚያሠራው እንዳይታይበት ነው" ይላል። "ታዲያ መጀመሪያ የምናይበት እኛ ከሆንን ምኑን በር ሆነ?"

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ መፍቻ እያቀበልኩት፣ አብሬው ጀርባዬን እየሰጠሁ ነው ያደግሁት። በር ሲከፈት ድምፁን ብቻ ሰምቼ የትኛው ማጠፊያ እንደላላ፣ የትኛው እንደጠበቀ እነግራችኋለሁ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አትጠይቁኝ።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ሲታወቅ እናቴ አለቀሰች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አባቴ ወደ ብየዳው ተመለሰ። በመሄጃዬ ቀን እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ጫነ፣ የአውቶቡሱን በር አንድ ሁለቴ ከፍቶ ዘጋ፤ ልማድ ሆኖበት ነው፣ እጁን አይቆጣጠረውም። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ እንዲህ አለኝ፦

"አንድ ዓመት ሞክሪው። እኔ ያላየሁትን እዪልኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ልወስድሽ ስመጣ ያየሽውን ታሳዪኛለሽ። የምታሳዪኝ ካጣሽ ደግሞ ምን ቸገረሽ፣ ወርክሾፑ የትም አይሄድም።"

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ነች። ወርክሾፑን እወደዋለሁ፤ የቀለሙ ሽታ ሁሉ ይናፍቀኛል። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቤት ጀርባዬን ስሰጥ ታየኝ። ምንም ይሁን ምን ዓመቱ ሲያልቅ ለአባቴ የማሳየው አንድ ነገር ማግኘት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ጀርባ መስጠት ያስተማረኝ ሰው "እዪልኝ" ማለቱ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ግን ያኔ ለሁለታችንም አልታየንም።

ዩኒቨርሲቲውን ተማሪው ሁሉ "ግቢ" ነው የሚለው። "ግቢ ለመድሽ?" "ግቢ እንዴት ነው?" ይባላል። ይሄን ሁሉ ግቢ ብሎ ማቃለል! እኔ የማውቀው ግቢ አንድ ዛፍና አንድ የውሃ ቧንቧ ያለው ነው። ይሄኛው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲኬድ አየሩ ራሱ የሚለወጥ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ እያየሁ ዞርኩ። ሕንጻዎቹ፣ መስኮቶቹ፣ በየደረጃው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያወናጨፉ የሚከራከሩት ልጆች፤ ሁሉም ከእኔ በፊት አንድ ነገር የተነገራቸው ይመስሉኝ ነበር። ዛፎቹ እንኳ እያንዳንዳቸው ግንዳቸው ላይ ስማቸው ተጽፎላቸዋል። ዛፍ ማን እንደሆነ ታውቆለት የሚቆምበት ቦታ ገባሁ ብዬ ደነገጥኩ።

ከሁሉ የባሰው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። በሩ መስታወት ነው፤ እጀታ የለው፣ ቁልፍ የለው። ስጠጋ ራሱ ተከፈተ። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል ተዘጋ። ስጠጋ ተከፈተ። በመስታወቱ ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መጻሕፍት፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚያነቡ ሰዎች ይታዩኛል። እንዲያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ አዎ፣ ጸጥታው ይታይ ነበር። እኔ ግን በሩን የሚከፍተው ምን እንደሆነ ስፈልግ ቆይቼ ከላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አገኘሁና በዚያው ረክቼ ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄዳ በር አይታ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ክፍል ውስጥም ያው ነኝ። ትልቁ የመማሪያ አዳራሽ ወንበሮቹ በደረጃ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው፤ እኔ ከላይ፣ ከበሩ ሥር፣ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና "ገባችሁ?" ይላል። አዳራሹ በአንድ ድምፅ "አዎ" ይላል። እኔም አብሬ አዎ እላለሁ። "አልገባኝም" የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዛገ የበር መወርወሪያ ተቀርቅራ ትቀራለች። አርፍጄ በሩ ተዘግቶ ካገኘሁት ደግሞ አለቀ፤ የተጀመረ ክፍል ከፍቼ መግባት ለእኔ የሰው መኝታ ቤት ሰብሮ እንደመግባት ነው።

አብራኝ የምታድረው ልጅ ሬዲዮ ትባላለች። ስሟን ያወጣንላት ተኝታም ስለምታወራ ነው። ወሬ አያልቅባትም እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ አራቱንም ዓመት በር ላይ ቆመሽ ልትመረቂ ነው ወይ?" አለችኝ አንድ ቀን። "ዘበኞቹ እኮ የሥራ ባልደረባቸው መስለሻቸው ሰላም ይሉሻል።"

ሳቅኩ፤ ግን እውነቷን ነበር። አባቴ ሲደውል የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"እህስ፣ ምን አየሽ?"

"ብዙ ነገር።"

"ለምሳሌ?"

"እ… በሩ ራሱ የሚከፈት ቤት አለ።"

ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ በሩ ጠየቀኝ። ወፍራም ነው ወይስ ስስ፣ በሐዲድ ነው ወይስ በማጠፊያ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል። አንዱንም ሳልስት መለስኩለት። ስልኩ ሲቋረጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ። የማሳየው በር ብቻ ከሆነ ለዚህስ ዩኒቨርሲቲ ምን አመጣኝ?

ነገሩ የተለወጠው ዝናብ በጣለበት ቀን ነው። እንደ ልማዴ አርፍጄ፣ የክፍሉ በር ተዘግቶ አግኝቼው፣ እንደ ልማዴ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቆሜ ሄድኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ሕንጻው ውስጥ መዞር ጀመርኩ። ከምድር ቤቱ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ አንድ ያረጀ የእንጨት በር አለ። በሩ ላይ ከላይ በኩል የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ በትልልቁ በእጅ የተጻፈች አንዲት ቃል ብቻ አለች፦

ግቢ

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በሮች ላይ ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ለአባቴ ስንቱን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። "ይግፉ"፣ "ይሳቡ"፣ "ሳያንኳኩ አይግቡ"፣ "ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው"። በር ሰውን አንቱ ይላል፤ ካልሆነም ማንንም ሳይጠራ ይከለክላል። አንቺ ብሎ የጠራኝ በር ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ግቢ! አንቺ፣ አዎ አንቺ፣ ምን ትገተሪያለሽ፣ ግቢ እንጂ። ምናልባት ሌላ ሴት ጠርቶ እንደሆነ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። መተላለፊያው ባዶ ነው። ልቤ እየመታ ገፋሁት። ማጠፊያው ሲጥጥ ብሎ ጮኸ፤ የላይኛው ነው፣ ዘይት ካየ ቆይቷል።

ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ወንበሮቹ ላይ ሳይቀር ድንጋይ አለ። መሀል ላይ ግራጫ ጋዋን የለበሱ አጭር ሴትዮ አንድ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክለዋል። ኋላ እንደሰማሁት ተማሪዎች "ወይዘሮ ጠጠር" የሚሏቸው የድንጋይ ጥናት መምህርት ናቸው።

"ዝጊው፣ ብርድ ነው" አሉኝ ቀና ሳይሉ። ዘጋሁት። ትንሽ ቆይተው "ማን ብሎሽ ገባሽ?" አሉ።

"በሩ።"

"በሩ ምን አለሽ?"

"ግቢ አለኝ።"

ይሄኔ ቀና አሉ። አዩኝ። ተነሥተው ወጡና ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ የበሩን መቃን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ 'የድንጋይ ናሙና ማከማቻ ግቢ' የሚል ነበር፣ ከነቀስቱ። ከኋላ ያለውን ግቢ እንዲያሳይ ነው የለጠፍኩት። ላዩ ተቀዶ ሄዶ ነው። ጠብቆ ነው የሚነበበው! አንቺ አላልተሽ አነበብሽው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ይሁን ምን ይሁን ያልለየለት ነገር አጉረምርሜ እጀታውን ያዝኩ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ። "ጠብቆ የኖረውን አላልተሽ ከፍተሽ ገብተሽ፣ አሁን ወዴት ትሄጃለሽ? ነይ ተቀመጪ።"

ከመስኮቱ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩ። መንገድ ሁሉ የሚነጠፍበት፣ ሕፃን ሁሉ የሚወረውረው ዓይነት ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ።"

"ምን ዓይነት?"

"ጥቁር።"

"መልካም። እንግዲህ እዪው።"

ከዚያው ድንጋይ የተቆረጠች፣ መስታወት ላይ የተለጠፈች፣ ከወረቀት የሳሳች ቁራጭ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጉ። ዓይኔን አስጠጋሁ። የታየኝ ያልተወለወለ መስኮት ነው፤ ግራጫ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ያለበት። ምንም የለም ልል ስል "ቆይ" አሉና አንዲት ማጣሪያ ገፋ አደረጉ። ቀጭ አለች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ግራጫው ጨለመ፤ ከጨለማው ውስጥ ቀለም ተነሣ። ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ስም የማላውቅለት አረንጓዴ። በመካከላቸው ነጭና ጥቁር ሰንበር ያላቸው ቀጫጭን እንጨት የሚመስሉ ነገሮች ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል። ቀና ብዬ እጄ ላይ ያለውን ድንጋይ አየሁ። ጥቁር ነው። እንደገና ዓይኔን አስጠጋሁ። እሳቸው ቁራጩ ያረፈበትን ክብ ሳህን በጣታቸው በቀስታ ሲያዞሩት ሰማያዊው ጠፋ፣ ሮዙ በራ፣ ሮዙ ጠፋ፣ ሌላው በራ፤ አንድ ሰፈር ሙሉ መብራቱን በየተራ እያጠፋ የሚያበራ ይመስል ነበር። መተንፈስ መርሳቴ የታወቀኝ ደረቴን ሲያመኝ ነው።

"ማን ቀባው?" አልኩ።

"ማንም። ብርሃን ሲያልፍበት ነው።"

"እዚህ ድንጋይ ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ሁሉም ውስጥ። ይሄ ቀልጦ ይፈስ የነበረ ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ቅንጣት በራሱ ሥርዓት ተሠራ። ብርሃኑ በእያንዳንዱ ውስጥ ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል፤ ኋላ ሲገናኝ ቀለም ይሆናል። ገባሽ?"

ያን ቀን ምን እንዳላላኝ አላውቅም። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ሳይቀረቀር ወጣ።

"አልገባኝም።"

"ጎሽ" አሉ ወይዘሮ ጠጠር፣ ወንበር እየሳቡ። "ካልገባሽ ቁጭ በይ። መጀመሪያ አንቺ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ እሱ ይገባሻል።"

ከዚያ ስወጣ ዝናቡ አባርቷል። ከደረጃው ግርጌ የግቢው መንገድ የተነጠፈበት ጥቁር ድንጋይ ታጥቦ ያብረቀርቃል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መርገጥ ፈራሁ። በየጫማው ሥር ያ ሁሉ ቀለም ተኝቷል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ፣ ጥላውን እያጠፈ በላዩ ያልፋል። ለሬዲዮ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች። ቆይታ "አሁን እኔ ምን ላይ ልርገጥ?" አለችኝ፣ የምር አዝና።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ ግቢው ሁሉ ላልቶ ነው የሚነበበው። "ግቢ" ሲሉኝ "ግቢ" እሰማለሁ፤ በቃ እገባለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ፤ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ዞርኩ፤ ስለ አንድ ጉንዳን ብቻ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አግኝቼ ያ ሰው ስንት ጊዜ ተንበርክኮ ይሆን እያልኩ ተደነቅሁ። መዘምራን የሚለማመዱበት ክፍል ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ያ ሁሉ ሰው አፉን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ጸጉሬ ቆመ። የሌሎች ትምህርት ክፍሎችን ትምህርት በር እየከፈትኩ አዳመጥኩ፤ ግማሹን ሳይገባኝ ወጣሁ፣ ግን ምን እንዳልገባኝ እያወቅሁ ወጣሁ። አንዴማ ትምህርት መስሎኝ የመምህራን ስብሰባ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው "ከዚያ ጥግ በኩል አስተያየት ካለ" ሲል ነው ጉዴ የፈላው።

የሒሳብ አዳራሽ ውስጥም መምህሩ "ገባችሁ?" ሲል አዳራሹ "አዎ" ሳይል ቀደምኩና እጄን አነሣሁ። "አልገባኝም" አልኩ። ከፊቴ ያለው ረድፍ ሙሉ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁ፤ ለካ ማንም አልገባውም ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን አጠፋና ከመጀመሪያው ጀመረ። እየቆየ ነገሩ በራሱ ጊዜ ገባኝ፤ ነገር ሲገባ ሰውነት ላይ የሚታወቅ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

በቂ የማየው ነገር አገኘሁ። የማሳየው ግን ገና ነው። መዝሙሩን ለአባቴ እንዴት ላሳየው? ጉንዳኑንስ? ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ቤት ስሄድ መልሱ እግሬ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የወርክሾፑ በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበት አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ ነው። አባቴ ጠዋት ሲከፍት በእግሩ ገፍቶ ያስጠጋዋል፣ ማታ ሲዘጋ በእግሩ ገፍቶ ያርቀዋል። አባቴ ሳያየኝ በመዶሻ ከጫፉ ጥቂት ስባሪ ወሰድኩ።

ግቢ ስመለስ ወይዘሮ ጠጠር ቁራጩን አልሠሩልኝም። "የአንቺ ድንጋይ ነው፣ የአንቺ እጅ ነው የሚፈጨው" አሉና አሠራሩን ነገሩኝ፦ ቆርጠሽ መስታወት ላይ ትለጥፊዋለሽ፤ ከዚያ ውሃና ሸካራ ዱቄት ባለበት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ እያዞርሽ ትፈጪዋለሽ፣ ብርሃን እስኪያልፍበት ድረስ። ጥቂት ከበዛ ያልቃል። የመጀመሪያው ከመሃሉ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ደርሷል፣ አምሯል፣ ትንሽ ብቻ ልጨምር ብዬ ፈጭቼ ቀና ሳደርገው መስታወት ብቻ ቀረ። የአባቴ ድንጋይ ውሃ ሆኖ በጣቶቼ መሃል ሄደ። ተናድጄ ጋዋኔን ወረወርኩ። ወይዘሮ ጠጠር ጋዋኑን አንሥተው አራገፉና ሰቀሉት።

የቀረችኝ አንዲት ስባሪ ናት። በእሷ ላይ ስሠራ እየፈጨሁ አቆማለሁ፣ አያለሁ፣ እንደገና ጥቂት እፈጫለሁ። ፈተና ሳጠና ሳይቀር እጄ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርሃን ላይ ቀና ሳደርጋት መስኮቱ በውስጧ ታየኝ። እጄን አነሣሁ። ይበቃል ማለት ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልኩ።

ዓመቱ አለቀና አባቴ መጣ። የክት ኮፍያውን አድርጓል፤ የኮት ኪሱ ውስጥ የማትለየው ትንሽ የዘይት ጠርሙስ እንዳለች ከእብጠቱ አወቅሁ። ግቢውን አስጎበኘሁት። ዋናውን በር ነካ፣ የአዳራሹን በር ከፍቶ ዘጋ። የቤተ መጻሕፍቱ በር ጋ ሲደርስ ተጠጋ፣ ተከፈተ፤ ወደ ኋላ አለ፣ ተዘጋ፤ ተጠጋ። ቀና ብሎ ቀይዋን መብራት ሲያገኛት ፊቱ በራ። "በቃ፣ አየሁት" ብሎ ዞረ። እሱን ሳይ እኔን አየሁና ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ።

ወደ ምድር ቤቱ ወሰድኩት። ወረቀቷ አሁንም አለች፤ ወይዘሮ ጠጠር እንዲያውም በአዲስ ማጣበቂያ አጠናክረዋታል።

"የምን ግቢ ነው?" አለ አባቴ፣ አጥብቆ እያነበበ።

"አላልተህ አንብበው።"

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። "ይሄማ ለሴት ነው" አለ። በሩን ስገፋው ጮኸ። የአባቴ ፊት ተኮማተረ፤ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ገባሁና ዞር ስል አባቴ ከመቃኑ ጋር ቆሟል። ፊቱ ወደ ማጠፊያው፣ ጀርባው ወደ ክፍሉ።

"ይግቡ እንጂ" አሉ ወይዘሮ ጠጠር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚሁ ይመቸኛል" አለ ሳይዞር። "ይሄ በር ዘይት ጠምቶታል።"

ቁራጯን አዘጋጅቻለሁ፤ ማይክሮስኮፑ በርቷል። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ሰው ሁለት እርምጃ ቀርቶት ማጠፊያ ይነካካል። መጀመሪያ ሆዴ ባባ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

"አባዬ፣ እዪልኝ ብለኸኛል። አይቻለሁ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ እንዴት አድርጌ ላሳይህ?"

"የሰው ቤት ነው፣ ልጄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የሰው ቤት አይደለም፣ የኔ ነው" አልኩት። "ወረቀቷ ለእኔ ናት። ለአንተ እኔ ነኝ የምልህ። ግባ።"

ለአባቴ እንዲያ ብዬ አላውቅም። እሱም ጫማውን ደፉ ላይ ጠረገ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ዞረ፣ ገባ። በጎን በጎን አይደለም፤ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስታወት ላይ ዓይን ማድረግ ለበያጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዱን ጨፍኖ አንዱን አስጠጋ።

"ደመና ነው" አለ።

"ቆይ።" ማጣሪያዋን ገፋኋት። ቀጭ።

ግራ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈልጎ ያዘ። ሳህኑን በቀስታ አዞርኩለት። ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁት፤ ምን እየጠፋ ምን እየበራ እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ በመጨረሻ።

"የወርክሾፑ በር ማስደገፊያ ድንጋይ።"

ቀና ብሎ አየኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ፈተሸ። እንዳልቀለድኩ ሲያውቅ እንደገና ጎንበስ አለ።

"በእግሬ ነው እኮ የምገፋው" አለ።

"ገባዎት?" አሉ ወይዘሮ ጠጠር ከወዲያ፣ በፈገግታ።

"እኔስ ገብቻለሁ" አለ አባቴ። "እሱ ነው ገና ያልገባኝ።"

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ አባቴ ወንበሩ ላይ ዞረና ክፍሉን አየ። መሳቢያዎቹን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ የተሰቀለውን ጋዋኔን፤ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። አባቴ አንድ ክፍል እንዲያ ሲያይ በሕይወቴ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እስከ ዛሬ ስንት ቤት ገባሁ መሰለሽ" አለኝ። አልጨረሰውም። ትከሻውን ያዝኩት።

ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "የወርክሾፑን ደጃፍ ደፍ ታውቂዋለሽ? ነጣ ያለውን ድንጋይ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ከእሱም ትንሽ ሰብረን እንወስዳለን። ለከርሞ ስትመለሺ ይዘሽው ትመጪያለሽ።" እንዲህ ብሎ መልሶ ጎንበስ አለና ሳህኑን አሁን በራሱ ጣት ማዞር ጀመረ።

ሬዲዮ ልትሰናበተኝ ፈልጋኝ ኖሮ በሩን ገፍታ ገባች። የላይኛው ማጠፊያ ሲጥጥ ብሎ መተላለፊያው እስኪሰማ ድረስ ጮኸ። አባቴ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም።